«ለግብሩ ብዬ ነው»

በእኛ የሳህን ፋብሪካ በር ላይ ጠዋት ጠዋት የሚባለው ነገር አንድ ነው። «ደህና ነህ ዳክዬ?» ይልሃል አንዱ። «ምንም አልል፤ አንተስ?» ትላለህ። ሁለታችሁም እግራችሁን ሳታቆሙ ትተላለፋላችሁ። በዚች የእንግሊዝ ከተማ፣ በስቶክ፣ ሰው በፍቅር የሚጠራራው «ዳክዬ» እየተባባለ ነው፤ ዳክዬ ያልሆነ ሰው የለም፤ የበሩ ጥበቃ ዳክዬ ነው፣ የአጃ ቂጣ የምትጋግረው ሴትዮ ዳክዬ ናት፣ ጥርስ ሐኪሙም መንቀያውን ይዞ «አፍህን ክፈት ዳክዬ» ነው የሚልህ። ሰው ሲቆጣህ እንኳ ዳክዬ ብሎ ነው የሚቆጣህ። ጥያቄው ግን ጥያቄ አይደለም፤ መልስ የሚጠብቅ የለም። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ዶት ማቺን ደህንነቴን ስትጠይቀኝ ቆሜ ስለ ጉንፋኔ ላስረዳት ሞክሬ ነበር። ቀና ስል ዶት ኮቷን ሰቅላ፣ ሽርጧን አስራ፣ የተሰነጠቀውን ሳህን ከደህናው መምረጥ ጀምራለች።

ሜልቪን ብሉር ይህን ደንብ ከማናችንም ይበልጥ ያውቅ ነበር። እዚሁ ተወልዶ እዚሁ ያደገ ሰው ነው፤ አባቱም እናቱም የሸክላ ሠራተኞች ነበሩ። ትልቅ ሰውነት፣ ሲያፍር የሚቀላ ጆሮ፣ ጥቂት ቃል፤ ይኸው ነው ሜልቪን። ሥራው ፎርክሊፍት፣ ያን በብረት ጣቶቹ ዕቃ የሚያነሳ ማሽን፣ መንዳት ነበር። ከምድጃው የወጣውን ሳህንና ስኒ ፓሌት በሚባለው የእንጨት መደብ ላይ እንደተደረደረ አንስቶ እኛ ወዳለንበት ወደ መምረጫውና ማሸጊያው ክፍል ያመጣልናል። ሲነዳ ያፏጫል። ዜማው ምን እንደሆነ ማንም ለይቶ አያውቀውም፤ ብቻ ፉጨቱን ስንሰማ ቀና ሳንል ከመንገዱ ዞር እንላለን። ማሽኑ የራሱ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ነበረው፤ እሱን ግን ከብዙ ጊዜ በፊት ጆሯችን መስማት አቁሟል። የምንሰማው ሜልቪንን ነበር።

ብርዱ ለቀቅ ባለበት ሰሞን፣ አንድ እሑድ፣ ሚስቱ ማክሲን ድንች ስትልጥ እሱ ሥጋውን ከምድጃ ሊያወጣ ጎንበስ አለ። ከዚያ በኋላ የሚያስታውሰው የወጥ ቤቱን ጣሪያና የማክሲንን ፊት ነው። ምላሱን ነክሶ አፉ ደም ሞልቷል። «ምን ሆንኩ?» አላት። «ወደቅክ» አለችው። የወደቀው ግን እንደሚወድቅ ሰው አልነበረም፤ እጅ እግሩ ሲንፈራገጥ አይታለች። እስከ ዛሬ ያንን ምድጃ ስትከፍት ወደ ኋላዋ ዞር ብላ ታያለች።

ከምርመራው በኋላ ሐኪሟ የሚጥል በሽታ ነው አለችው። መድኃኒት ሰጠችው። ሳይወድቅ ዓመት እስኪሞላው መኪና መንዳት እንደማይችል ነገረችው፤ መንጃ ፈቃዱንም መለሰ።

«ሥራህ ምንድን ነው?» ብላ ጠይቃው ነበር።

«የሸክላ ፋብሪካ» አላት።

ውሸት አልነበረም። ሙሉም አልነበረም። ማክሲን አጠገቡ ተቀምጣ ጫማዋን ታይ ነበር።

ቤት ሲደርሱ አንድ ነገር ብቻ ለመናት፤ ለማንም እንዳትናገር። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፣ ነገሩ ሁሉ ከወጣ በኋላ፣ ገበያ አዳራሽ ውስጥ ሻይ ይዘን ተቀምጠን። «ፎርክሊፍቱን ይወስዱብኛል አለኝ» አለችኝ። «ይውሰዱታ አልኩት። አየህ፣ ከሱ በፊት የነበረውን ነጂ ያስታውሰዋል።» ከሜልቪን በፊት ማሽኑን ይነዳ የነበረው ሰውዬ ልቡን ታሞ መጥረጊያ ተሰጥቶት ነበር። ማንም አልጎዳውም። ሰው ሁሉ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ድምፁን አለስልሶ፣ እንደ ሕፃን ነበር የሚያናግረው። ጡረታ ሲወጣ ኬክ ሲቆርሱለት ሜልቪን ያንን ድምፅ ከሁሉም አፍ ሰምቶታል። እሱ የፈራው መጥረጊያውን አይደለም፤ ድምፁን ነው።

ቀጥሎ የመጣው ችግር መንገዱ ነበር። ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፤ የጠዋቱ ፈረቃ የሚገባው ደግሞ አውቶቡስ ሳይነሳ ነው። መኪናው ደጅ ቆሟል፤ ማክሲን መንዳት አትችልም። አድርሱኝ ብሎ ሰው ቢለምን «መኪናህ ምን ሆነ?» ይባላል። ለተወሰነ ቀን «ተበላሽቶ ነው» አለና በታክሲ መጣ። መኪና ግን ዝንተ ዓለም ተበላሽቶ አይቀርም።

ናዲም ስለ አዲሱ የብስክሌት ዕቅድ ያወራልን በዚያው ሰሞን ነው። ናዲም ደመወዝ ክፍል ያለው ልጅ ነው፤ አያቱ ከፓኪስታን መጥተው እዚሁ የምድጃ ሠራተኛ ነበሩ፤ እሱም ዳክዬ ባይ ነው። በምሳ ሰዓት መመገቢያው ክፍል ውስጥ ወንበር ላይ ቆመና ሳንድዊቻችንን እየበላን እንድናዳምጠው ለመነን።

«ነገሩ እንዲህ ነው» አለ። «ብስክሌቱን ፋብሪካው ይገዛል። ወደ ሥራ እንድትመጡበት ለእናንተ ያከራያል። ኪራዩ ግብር ከመቆረጡ በፊት ከደመወዛችሁ ላይ ይነሳል፤ ግብር የምትከፍሉት በቀረው ላይ ነው። ስለዚህ ሱቅ ሄዳችሁ ከምትገዙት በጣም ይረክሳል።»

«ታዲያ ብስክሌቱ የማን ነው?» አለች ዶት።

«ኪራዩ እስኪያልቅ የፋብሪካው። ከዚያ ትንሽ ነገር ከፍለሽ ያንቺ ታደርጊዋለሽ።»

«ብወድቅስ?»

«አንቺ ከተሰበርሽ የራስሽ ነሽ ዳክዬ። ብስክሌቱ ከተሰበረ ግን የፋብሪካው ነው፣ ተጠንቀቂለት።»

ሁላችንም ሳቅን። ሜልቪንም ፈገግ አለ፤ ሳንድዊቹን ግን መልሶ ወረቀቱ ውስጥ ጠቀለለው።

ዶት ቀልዷን ትታ በእውነት ልትመዘገብ ፈለገች። እሷ በእግሯ ነው የምትመጣው፤ ስልሳን ያለፈች ሴት፣ ዝናብም ነፋስም አያስቀራትም፤ ጉልበቷ ግን እያስቸገራት ነበር። ናዲም ከወንበሩ ወረደና ጎኗ ተቀመጠ። ፊቱ ተለወጠ።

«ዶት፣ አንቺን መመዝገብ አልችልም። የመምረጫው ክፍል ደመወዝ ሕጉ ባስቀመጠው የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል ላይ ነው ያለው። ኪራዩን ካነሳሁበት ከወለሉ በታች ትወርጃለሽ፤ ክልክል ነው። አንቺን ለመጠበቅ ነው ሕጉ።»

«እኔ ወለሉን ስጠርገው ነው የኖርኩት። ከሱ በታች ቦታ መኖሩን አሁን ገና ሰማሁ» አለች።

«እኔ አላወጣሁትም።»

«አውቃለሁ ዳክዬ። ብቻ እንደገባኝ ከሆነ በእግሩ የሚመጣ ሰው ብስክሌት አይሰጠውም፤ መኪና ያለው ይሰጠዋል።»

መኪና ያለው ተመዘገበ። የፎርክሊፍት ነጂ ከእኛ ሻል ያለ ይከፈለዋል፤ ሜልቪን ከወለሉ ከፍ ያለ ሰው ነበር። በሳምንቱ አረንጓዴ ብስክሌት እየገፋ፣ ቢጫ ሄልሜት አናቱ ላይ ደፍቶ በበሩ ሲገባ ግቢው በሙሉ ቆመ። ማሸጊያው ላይ ያለው ራስል፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ዞረው።

«ሜል፣ ኮርቻው የት ገባ? አይታየኝም።»

«ታች ነው።»

«እንዲያ ከሆነ ነፍሱን ይማር። ምን ነካህ? ማክሲን ከቤት አባረረችህ?»

«ለግብሩ ብዬ ነው» አለ ሜልቪን።

«አሃ» አለ ራስል። ጨዋታው እዚያ ላይ አበቃ።

ይህን እዚህ በኖርኩባቸው ዓመታት የተረዳሁት ነው፦ በእኛ ሰፈር ሰው ስለ ጤናው፣ ስለ አየሩ ንጽሕና፣ ስለ ልቡ ብሎ ብስክሌት ቢጀምር ዕድሜ ልኩን ይሳቅበታል። ለመንግሥት አንዲት ፔኒ ላለመስጠት ሲል በዝናብ ዳገት ቢወጣ ግን ማንም ምን ሆነ አይልም። ሜልቪን ያንን ያውቅ ነበር። ከሁሉም ጥያቄ የሚሸፍነውን አንድ መልስ አገኘ። መልሱ ደግሞ እውነት መሰለ፤ ደመወዙን ከናዲም ጋር አስልቶ ሲያስረዳ፣ ያ ዝምተኛ ሰው፣ አንደበቱ ተፈታ። ራስል ተመዘገበ። ከምድጃው ክፍልም ሁለት ሰዎች ተመዘገቡ። ወሬው ሥራ አስኪያጁ ጆሮ ደርሶ የሜልቪን ፎቶ በብስክሌቱ ላይ እንዳለ ተነስቶ በመመገቢያው ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ከሥሩ «ሜልቪን ብሉር ፔዳል ይመታል፤ አንተስ?» የሚል ተጽፏል። ሜልቪን ከዚያ ቀን ጀምሮ ለፎቶው ጀርባውን ሰጥቶ ይበላ ነበር።

ቤት ውስጥ ወሬው ሌላ ነው። ሐኪሟ ብስክሌት አልከለከለችውም፤ ውሃ ዳር ግን እንዲጠነቀቅ ነግራዋለች። ከቤታቸው እስከ ፋብሪካው ደግሞ የድሮው የጀልባ ቦይ አለ፤ ዳር ዳሩን የሚሄደው መንገድ ሜዳ ነው፣ መኪና የለበትም። የመኪናው መንገድ ዳገትና ቁልቁለት ነው፣ የጭነት መኪና ሲያልፍ ነፋሱ ይገፋል።

«በቦዩ በኩል አትሂድ» አለችው ማክሲን።

«አልሄድም።»

«ሜል፣ ማልልኝ አልልህም። ብቻ ውሃ ውስጥ ብትወድቅ የሚያይህ የለም።»

«አልሄድም አልኩሽ እኮ ማክስ።»

በየቀኑ ማታ ሱሪውን ስታጥብ ከግርጌው ላይ ያንን ጥቁር ጭቃ ታገኛለች። የቦዩ ዳር ጭቃ ነው፤ ሌላ ቦታ የለም። ታጥበዋለች፣ ታሰጣዋለች። «ብናገረው ይዋሸኛል» አለችኝ፤ «የቀረኝ ሰው እሱ ብቻ ነው፤ እሱም ከዋሸኝ ማን አለኝ?»

እሱ ደግሞ በቦዩ ዳር ሲሄድ ምን እንደሚያስብ በኋላ ነግሮኛል። ስለ ውሃው አያስብም። «እኔን ብቻ ነው የሚወስደው» ይል ነበር ለራሱ። የሚያስበው ስለ ፎርክሊፍቱ ነው። መድኃኒቱ ይሠራል፤ አልወደቀም፤ እያንዳንዱ ቀን ካለፈ አልፏል። ጠዋት በሩ ላይ ዶት «ደህና ነህ ዳክዬ?» ትለዋለች፤ «ምንም አልል» ይላታል፤ ብስክሌቱን ይገፋል።

አንድ ሐሙስ ቀን፣ ከሻይ በፊት፣ ዶት ከመምረጫው ጠረጴዛ ተነስታ የተመረጠውን የሾርባ ሳህን ወደ እኔ ይዛ ትመጣለች። በሁለት የፓሌት ረድፎች መካከል ናት። ጀርባዋ ወደ ምድጃው ክፍል ነው። ፉጨት አልነበረም። እኔም አልሰማሁም፣ እሷም አልሰማችም። ድንገት ልብሷን አንድ ነገር ነካው፤ ዞር ስትል የፎርክሊፍቱ ብረት ጣት ጎኗን ታክኮ አለፈ። ሳህኑን እንደያዘች ከፓሌቱ ጋር ተለጠፈች። ሜልቪን ወንበሩ ላይ ነው፤ ዓይኑ ተከፍቷል፤ መሪውን ይዟል። ማሽኑ በዝግታ፣ በጣም በዝግታ ሄዶ ግድግዳውን ገጨና ቆመ። ከላይ ያለው የስኒ ማስቀመጫ ድርድር ተንሸራቶ ወረደና ወለሉ ላይ ተበተነ።

እዚህ አገር ሰው ሳህን ሲሰብር ይጨበጨባል። ቡና ቤትም ይሁን ሠርግ፣ ብርጭቆ ወድቆ ሲሰበር ሁሉም ከያለበት ደስ ብሎት ይጮኻል፤ የሰበረው ሰው ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳል። ሳህን ፋብሪካ ውስጥ ደግሞ እንዴት እንደሚሆን አስቡት። አዳራሹ በሙሉ በጭብጨባ ተናጋ። ራስል ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ነበር። «ሜል ብሉር ሰበረ፤ ቀኑን ጻፉልኝ» እያለ ይጮሃል። ሜልቪን በጭብጨባው ነቃ። ዙሪያውን አየ። ከምድጃው ክፍል መውጣቱን አያስታውስም። እጁን አንስቶ ሰላምታ ሰጠን፤ እንደ ደንቡ እጅ ነሳ፤ ጆሮው ግን አልቀላም። ፊቱ እንደምንመርጠው ሳህን ነጭ ነበር።

እኔም አጨብጭቤያለሁ። ያላጨበጨበችው ዶት ብቻ ናት። ሳህኖቹን ቀስ ብላ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና ጎኗን ዳሰሰች።

ማታ ቤቱ ገብቶ ለማክሲን «ስኒ ማስቀመጫ ተሰበረ» አላት። እሷ ገባት። እራት ቀርቦ ሁለቱም አልነኩትም።

«ቆመህ ነው ወይስ ማሽኑ ላይ?»

«ማሽኑ ላይ። አልወደቅኩም። ብቻ አልነበርኩም።»

«መናገር አለብህ።»

ያን ጊዜ ነው ሁሉንም ያወጣው፤ ብዙ ቀን በቦዩ ዳር ሲቋጥረውና ሲፈታው የኖረውን። «ብናገር ፎርክሊፍቱን እለቃለሁ። ፎርክሊፍቱን ከለቀቅኩ መምረጫው ክፍል ነው የሚያስገቡኝ፤ ደመወዜ ወለሉ ላይ ይወርዳል። ወለሉ ላይ ከወረድኩ የብስክሌቱን ኪራይ ሊቆርጡብኝ አይችሉም፣ ክልክል ነው፣ ዶትን ሲነግራት ሰምቻለሁ። ኪራይ ከሌለ ብስክሌት የለም፤ የነሱ ነው። ብስክሌት ከሌለ ሥራ መሄጃ የለኝም። ብስክሌቱን የያዝኩት ለመደበቅ ነው፤ ብስክሌቱን የምይዘው ደግሞ እስከደበቅኩ ድረስ ነው። ታያለሽ?»

«አያለሁ» አለች ማክሲን። «ዛሬ ማሽኑ ፊት ማን ነበር?»

ሹካውን ከሳህኑ ጎን አስተካከለ።

«ሜል። ማን ነበር?»

ተነስቶ ሳህኖቹን ሊያጥብ ሄደ። ምግቡ ገና እላያቸው ላይ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ካፊያ ነበር። እኔ ከዶት ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ነበርኩ። ሜልቪን ብስክሌቱን እየገፋ መጣ፤ ሄልሜቱ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል።

«ደህና ነህ ዳክዬ?»

«ምንም አልል። አንቺስ?»

ብስክሌቱን ገፋ። ዶት ግን አልተንቀሳቀሰችም። በሩ መሃል ቆማለች። ከኋላዋ ያሉ ሰዎች ጎንና ጎኗን አልፈው ገቡ፤ አንዱ «ሥር ሰደድሽ ወይ ዶት?» አላት።

«ጠየቅኩህ እኮ» አለች ለሜልቪን።

«መለስኩልሽ።»

«አልመለስክልኝም።»

ሜልቪን የብስክሌቱን መሪ ይዞ ቆመ። ፍሬኑን ይጨብጣል፣ ይለቃል።

«ደህና አይደለሁም ዶት» አለ።

በዚህ በር ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ጥበቃው እንኳ ከመስኮቱ ቀና አለ፤ ከዚያም እንዳልሰማ ወደ ሻይው ተመለሰ።

«ትላንት አይተኸኝ ነበር?» አለችው ዶት።

«አላየሁሽም።»

«ዓይንህ ተከፍቶ ነበር።»

«ተከፍቶ ይሆናል። አላየሁሽም።»

እዚያው ካፊያው ሥር ነገራት፤ እሑዱን፣ ምላሱን፣ መንጃ ፈቃዱን፣ ብስክሌቱን። ብዙ ጊዜ አልወሰደበትም። ዶት ስትሰማው አላቋረጠችውም። እኔ ያኔ ታቅፈዋለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አላወቅኳትም።

«ልትገድለኝ ነበር ዳክዬ» አለችው፤ ድምፅዋ አልለሰለሰም። «የልጅ ልጆች አሉኝ። አንተ ስለ ግብር እየሰበክህ እኔን ልትገድለኝ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ቁልፉ የት ነው?»

ከኪሱ የፎርክሊፍቱን ቁልፍ አወጣ።

«ለኔ አትስጠኝ። ለናዲም ስጠው። አብሬህ እሄዳለሁ፤ እጅህን ግን አልይዝልህም።»

ሄዱ፤ እሱ ብስክሌቱን እየገፋ፣ እሷ ጎኑ እያነከሰች። ናዲም ቁልፉ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ የመሰለው ሜልቪን ሥራ የለቀቀ ነው። ሲነገረው ተነስቶ በሩን ዘጋ። ከዚያ በኋላ ያለውን የፋብሪካው ደንብ ሠራው፤ ወደ ቤት ተላከ፣ ተጠየቀ፣ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፣ ሐኪሟ ጻፈች። ከሥራ አላባረሩትም። አንድ ቀን ጠዋት ሽርጥ ታስሮለት ከዶት ጎን፣ መምረጫው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ሳህን አንስቶ በጥፍሩ መታ እያደረገ ድምፁን ማዳመጥ ነው ሥራው፤ የተሰነጠቀ ከሆነ ድምፁ ይደፈናል።

ሰዉ ምን እንደሚለው ጨነቀው። የመጀመሪያው ቀን ጠረጴዛው ላይ ያልተከፈተ ብስኩት አገኘ፤ ማን እንዳስቀመጠው አልታወቀም። በዚያ በለሰለሰ ድምፅ ያናገሩትም ነበሩ፤ ከምድጃው ክፍል አንዱ «እንዴት ነህ፣ የኔ ጌታ፣ አረፍ በል» ሲለው ዶት ሳህኑን አስቀምጣ «መስማት አልተሳነውም፣ በደንብ አናግረው» አለችው።

ናዲም የመጣው በደመወዙ ሰሞን ነው። ቆሞ ጣቶቹን ያፍተለትላል።

«ሜል፣ አዲሱ ደመወዝህ...»

«ወለሉ ላይ ነው።»

«ወለሉ ላይ ነው። ኪራዩን መቁረጥ አልችልም። ወይ የቀረውን በአንድ ጊዜ ትከፍላለህ፣ ወይ...»

«ውሰደው ዳክዬ። ከመጀመሪያውም የኔ አልነበረም።»

«እንኳን ደህና መጣህ» አለችው ዶት ቀና ሳትል። «ወለሉ ይቀዘቅዛል፤ ካልሲ ደርብ።»

አረንጓዴው ብስክሌት አሁን ግቢው ውስጥ፣ ከጥበቃው ክፍል ጀርባ፣ የፋብሪካው ንብረት መሆኑን የሚናገር ወረቀት አንገቱ ላይ ታስሮ ቆሟል። ፎቶው ከግድግዳው አልወረደም፤ ማውረድ መናገር ስለሚሆን ማንም አልነካውም። ሜልቪን ከዚያ ሁሉ ሽሽት በኋላ የሚመጣው በራስል መኪና ነው። ራስል የራሱን ብስክሌት ከጥቂት ሳምንት በኋላ ትቶታል፤ ዳገቱ አሸንፎታል። ጠዋት በራቸው ላይ ክላክስ ይነፋና ሜልቪን ሲገባ «ዛሬም ለግብሩ ብለህ ነው የምትሳፈረው?» ይለዋል። ሜልቪን ይስቃል። ማክሲን መስኮት ላይ ሆና ስቆ ሲሄድ ታያለች፤ ይህ አንድ ነገር ነው። ሱሪው ላይ የቦይ ጭቃ የለም። እንቅልፏ ግን አልተመለሰም፤ በተገላበጠ ቁጥር እጇን ትዘረጋለች። ሳይወድቅ የሚሞላው ዓመት ደግሞ በወደቀ ቁጥር እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

በሩ ላይ አንድ ነገር ተለውጧል። ዶት ሜልቪንን ስትጠይቀው ትቆማለች። እሱም፣ ምስጢሩ አንዴ ስለወጣ፣ ይመልሳል፤ መድኃኒቱ ሆዱን እንደሚያጥወለውለው፣ ቃል እንደሚጠፋበት፣ ትላንት የቴሌቪዥኑን መዝጊያ ስም ሲፈልግ እንደዋለ። ዝናብም ቢሆን ይመልሳል። «መጠየቄ ጸጽቶኛል» ትለናለች ዶት ዘግይታ ስትገባ፤ «እኔ እኮ ሰላምታ ነው ያልኩት፣ ሰውየው ታሪኩን ያወራል።» ትቀልዳለች፤ ማግሥቱን ግን ተመልሳ ትቆማለች።

ባለፈው ሰኞ ከራስል መኪና ሲወርድ አየሁት። ራስል አልቀለደም፤ መኪናውን ዘጋና ቀጥ ብሎ ገባ። ሜልቪን ኮሌታውን ወደ ላይ ገልብጧል፣ አንገቱን ቀብሯል።

«ደህና ነህ ዳክዬ?» አለችው ዶት።

«ምንም አልል» አለ፤ ቃሉ አፉ ውስጥ ተድበስብሶ ወጣ፣ ምላሱን የነከሰ ሰው እንደሚናገረው። «አንቺስ?»

ሊያልፋት አንድ እርምጃ አነሳ።

ዶት ከንፈሩን አየችው። ከዚያ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደችና እርጥቡ መሬት ላይ አስቀመጠችው።